የቲቸር መጋረጃ አይሸጥም

ቲቸር የሞቱት በክረምት ነው። መንዝ ውስጥ በክረምት መቀበር ለሟችም ለቀባሪም አይመችም፤ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሳያልቅ ውሃ ይሞላል፣ ለቀስተኛው በጭቃና በጉም መካከል ይቆማል። ሞላሌ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ስናለቅስ አጠገቤ ያለው ሰው ማን እንደሆነ እንኳ በወጉ አይታየኝም ነበር። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ከኋላዬ አንድ ሰው፣ «ምስኪን! ልጅ አልወለዱ፣ ሀብት አላፈሩ፤ ዕድሜያቸውን በጨዋታ ጨረሱት» ሲል ሰማሁት። ክፉ ሰው አይደለም። ከልቡ አዝኖ ነው የተናገረው። እኔን ያበሸቀኝም ማዘኑ ነው።

ቲቸር አስተማሪዬ የነበሩ ሴት ናቸው። መሐል ሜዳ ሁለተኛ ደረጃ ስማር አማርኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ እኔ እዚያው የማስተምረውን ትምህርት። የወለዷቸው ሰዎች ያወጡላቸው ስም ነበራቸው፤ ግን ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ ቄሱም ነጋዴውም «ቲቸር» ነበር የሚላቸው። ከማስተማሩ ጎን ተውኔት ይጽፉ ነበር። ለአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች የላኳቸው ድርሰቶች አንዳንዶቹ ተመለሱ፣ አንዳንዶቹ እንደወጡ ቀሩ። እሳቸው ግን የላኩትን እየረሱ አዲስ ይጽፋሉ፤ ተማሪዎቻቸውን አሠልጥነው በቀበሌው አዳራሽ ያሳያሉ። «ቴአትር አንዱ ቆሞ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ መስማት ነው። ለዚህ መሐል ሜዳ ምን አነሰው?» ይሉን ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ አንድ ሹም ያለበት ተውኔት ጻፉ። የጋራ ግጦሹ ጓሳ ሣሩ እንዲያገግም ተዘግቶ ሕዝቡ ሁሉ ከብቱን በከለከለበት ወራት፣ የራሱን በጎች በስውር እያስገባ የሚያስግጥ ሹም ነው። ማንንም በስም አልጠሩም። ቢሆንም ሰውዬው ማን እንደሆነ የማያውቅ የመሐል ሜዳ ሰው አልነበረም። ሊታይ ትንሽ ሲቀረው አዳራሹ ተቆለፈ። «አዳራሹ ለስብሰባ እንጂ ለቀልድ አልተሠራም» ተባለ። ቲቸር አልተከራከሩም። «እንግዲያው ሰው ወዳለበት እንሂድ» አሉና ተዋንያኑንም ዕቃውንም ሰብስበው በገበያ ቀን ሞላሌ ይዘውን ሄዱ። በተውኔቱ የሹሙን ሚስት የምሠራው እኔ ነበርኩ።

ስለ መጋረጃው መናገር አለብኝ። ከጥቁር በግ ጸጉር የተሠሩ ባናዎችን ገጣጥመው ቲቸር በእጃቸው የሰፉት ነው። ብርድ ልብስ የሚሆነውን ወፍራም ባና ለመጋረጃ ያዋለ ሰው ከእሳቸው በፊት አላየሁም። ደረቅ እያለ እንኳ ሁለት ሰው ነበር የሚሸከመው። ሞላሌ ገበያ ዳር ያሉ ሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ወጠርነውና ጀመርን። ገበያተኛው እህሉን እያስጠበቀ መጣ፤ በግ የሚጎትተውም ከነበጉ ቆመ። ሰው መሳቅ ሲጀምር አንድ ጎልማሳ በሕዝቡ መካከል እየገፉ መጡ። የቲቸር ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እዚያው ሞላሌ የሚኖሩ ገበሬ። በማጭድ ገመዱን ቆረጡት። መጋረጃውን ጎትተው ጭቃው ላይ ጣሉና፣ «አንቺ ተናግረሽ ትሄጃለሽ! እዚህ የምንኖረው እኛ ነን፣ የሚጠይቁት እኛን ነው!» ብለው እህታቸው ላይ ጮኹ። ወዲያው ዝናብ ወረደ፤ ሰው ተበተነ። እኛም መጋረጃውን እዚያው ትተን ሮጥን።

በማግስቱ ቲቸር ባረፉበት ቤት ደጃፍ መጋረጃው ጭቃው ተራግፎለት፣ እርጥብ እንደሆነ ታጥፎ ተገኘ። ማን እንዳመጣው የተናገረ የለም። ቲቸር፣ ያመጡት እዚያው ጎረቤት ያሉ አንዲት ባልቴት ናቸው ብለው አመኑ። ባልቴቷም ሲጠየቁ ይስቁ ነበር እንጂ አዎም አይደለምም አይሉም።

ቲቸር ከዚያ በኋላ ብዙ ጻፉ፣ ብዙ አሳዩ። ጡረታ ሲወጡ የተመለሱት ወደዚያው ወደ ወንድማቸው ግቢ ነው፤ የአባታቸው ርስት ስለሆነ። አንዲት ክፍል ውስጥ ከዘይት ቆርቆሮ ከተሠራ ዘውድ፣ ከፍየል ጸጉር ከተሠሩ ጢሞች፣ ከጽሕፈት መኪናቸው፣ ከእጅ ደወላቸውና ከመጋረጃው ጋር ኖሩ። ወንድማቸው ገብስ ያስፈጩላቸዋል፣ በዓል ሲሆን ሥጋ ይልኩላቸዋል። በተረፈ ሰላምታ ብቻ ነበር። ልጠይቃቸው ስሄድ ሁለቱን አንድ ላይ ተቀምጠው አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ከቀብሩ በኋላ ያ ድንኳን ውስጥ የሰማሁት ነገር አልወጣ አለኝ። ክረምቱን ሙሉ ጻፍኩ። ተውኔት ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ሲወጣ ግን የፊልም ድርሰት ሆነ፤ ጉሙን፣ ገበያውን፣ በጎቹን ማየት ስለፈለግኩ ይሆናል። አዳራሽ ሲቆለፍባት ገበያ የምትወጣ፣ በእርጅናዋም አፏን የማትዘጋ ሴት ታሪክ ነው። ወንድሟ አለ፣ ማጭዱ አለ፣ መጋረጃውን ያነሳችው ባልቴትም አለች። ጨርሼ አዲስ አበባ ወዳለ የፊልም ድርሰት ውድድር ላክሁት። በስተመጨረሻ ስልክ ተደወለልኝ፤ አንደኛ ወጥቻለሁ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ስጮህ የፊዚክስ አስተማሪው ሰው የሞተብኝ መስሎት ደግፎ ያዘኝ።

ሽልማቱ የተሰጠው ትልቅ ሆቴል ውስጥ ነው። የመድረኩ መሪ ሲጠራኝ፣ «ከሩቅ ገጠር፣ መብራት እንኳ በወጉ ከማያይ አካባቢ የመጣች ባለ ተሰጥኦ!» አለ። ተጨበጨበ። የመስታወቱን ሐውልት ተቀብዬ ማይኩን ያዝኩ።

«መሐል ሜዳ ከተማ ናት» አልኩ። «መብራት ይጠፋል፤ እዚህም ይጠፋል።»

የሳቁም ነበሩ፣ ያኮረፉም ነበሩ። ቀጥዬ ስለ ቲቸር መናገር ጀመርኩ። አርባ ተውኔት ጽፈው አንዱም ሳይታተም እንደሞቱ፣ ዘውዳቸውና መጋረጃቸው ሞላሌ አንዲት ክፍል ውስጥ እንዳሉ ስናገር ሙዚቃ ለቀቁብኝ። ውረጂ ማለታቸው ነው። ሙዚቃው ከፍ አለ፤ አልወረድኩም። መሪው በፈገግታ ክንዴን ነካ ሲያደርገኝ ክንዴን ሰበሰብኩ። እያየኋቸው ቆሜ ሳለሁ ሙዚቃው አለቀ፤ ያልኩትን ጨርሼ ወረድኩ።

በማግስቱ ድርሰቱን ወደ ፊልም የሚለውጠው ፕሮዲዩሰር ቢሮው ጠራኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ በሩን ከፍቶ፣ ወንበር ስቦ ነው የተቀበለኝ።

«እህቴ፣ ድርሰትሽን በጣም ነው የወደድኩት» አለ። «ትንሽ ነገር ብቻ እናስተካክላለን። ሴትዮዋ ወጣት ትሁን። የስልሳ ዓመት ሴት ለማየት ማን ሲኒማ ይገባል? መጨረሻው ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ትግባና ታዋቂ ትሁን። ሰው ደስ ብሎት ይውጣ።»

«እሳቸው አዲስ አበባ አልገቡም» አልኩት።

«ፊልም ነው እኮ።»

«ፊልም መሆኑንማ አውቃለሁ። የሸለማችሁት ግን ያልገቡትን ሴትዮ ነው።»

ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። «አየሽ፣ ካልተስማማን ፊልሙን ለመሥራት እንቸገራለን።»

«ካልተስማማን አትሥሩት።»

«ሽልማቱስ?»

«ሽልማቱን አልመልስም» አልኩ። «የሰጣችሁኝ ለጻፍኩት ነው። የጻፍኩት ደግሞ እንዳለ አለ።»

እኔ እንደተቆጣሁ እሱ አልተቆጣም። እስከ በሩ ሸኘኝ። መለያያችን ላይ፣ «ትናንት ያልሻቸው ዕቃዎች፣ ዘውዱና መጋረጃው፣ ለቢሯችን መግቢያ ያምሩ ነበር። ማን ጋ ነው ያሉት?» አለኝ። የእኔ እንዳልሆኑ፣ የወንድማቸው እንደሆኑ ነገርኩት። እዚያው በተቆጣሁበት አፍ ነው የነገርኩት፤ ይፈልጋቸዋል ብዬ አላሰብኩም።

ሐውልቱን በፎጣ ጠቅልዬ ተሳፈርኩ። ከደብረ ብርሃን በኋላ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጭኔ ላይ ያለውን ዐይተው፣ «ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ሽልማት ነው እናቴ።»

«በሩጫ ነው?»

«በጽሑፍ።»

«እሱም ያደክማል» አሉና የራሳቸውን ነጠላ ደራርበው ሐውልቱ እንዳይሰበር ደገፉልኝ። ከሆቴሉ ጭብጨባ ሁሉ ይልቅ ያቺን ነጠላ ነው የማስታውሰው።

ብዙም ሳይቆይ ሞላሌ የምታስተምር የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ደወለች። ከአዲስ አበባ መኪና መጥቶ የቲቸር ወንድም ዘንድ እንደነበር፣ ዕቃውን ሊሸጡላቸው እንደተስማሙ፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሊጭኑ እንደሚመጡ ነገረችኝ። ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ሞላሌ ገባሁ። ሽማግሌው በረታቸው ደጃፍ ቆመው አገኘኋቸው። ሰባ አልፏቸዋል፤ ጀርባቸው ግን ቀጥ ያለ ነው።

«ጋሼ፣ የቲቸርን ዕቃ ሊሸጡ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ስለምን?»

«ባለቤቷ የለችም። እኔ ደግሞ እዚያ ክፍል በገባሁ ቁጥር ያንን ጥቁር መጋረጃ ማየት አልወድም።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፤ ንቀት መሰለኝና ደሜ ፈላ። «እርስዎ ከቲቸር ሥራ አንዱን እንኳ አይተው ያውቃሉ?» አልኳቸው። ለታላቅ እንዲህ አይባልም፤ ግን ብያለሁ።

ቀና ብለው ዐዩኝ። «አንዱን ዐይቻለሁ» አሉ። «ግማሹን።»

የትኛውን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ የሹሙ ሚስት ሆኜ እዚያ ነበርኩ።

«እንግዲያው ሙሉውን ይዩ» አልኩ። «ሰዎቹ በገበያ ቀን ነው የሚመጡት። በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ፣ በእሳቸው ዕቃ የጻፍኩትን እናሳያለን። ካዩ በኋላ መሸጥ ከፈለጉ ይሽጡ፤ እኔው ራሴ አስጭናለሁ።»

«ገበያው ላይ?»

«ባሕር ዛፎቹ መካከል።»

«አንዱ ተቆርጧል» አሉ።

«ምሰሶ እናቆማለን።»

የክፍሉን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝና ወደ በጎቻቸው ዞሩ።

የፊልም ድርሰትን ገበያ ላይ ለመሥራት ግማሹን መቁረጥ ነበረብኝ። ጉሙና በጎቹ እንደሆኑ እዚያው አሉ፤ መጻፍ አያስፈልጋቸውም። ተዋንያኑ የሥራ ባልደረቦቼና ተማሪዎቻችን ናቸው። ወንድሙን የባዮሎጂ አስተማሪው ያዘ፤ ባልቴቷን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ፤ ቲቸርን እኔ። «የተሸለመ ድርሰት ይዘሽ ገበያ መውጣት ውርደት አይደለም?» ያለኝ ባልደረባ ነበር። ቲቸር የወጡበት ቦታ ለእኔ የሚያንሰኝ ከሆነ ቀድሞውኑ መሸለም አልነበረብኝም አልኩት።

የገበያው ዕለት ዝናብ አልነበረም፤ ብርዱ ግን ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበር። መጋረጃውን ወጠርነው። ደወሉን ስመታ ሰው መጉረፍ ጀመረ፤ ከእነሱ መካከል ያኔም የነበሩ ሰዎች እንደነበሩ ከሹክሹክታቸው አወቅሁ። ሽማግሌው ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበዋል። ዕቃውን ሊጭን የመጣው ፒክ አፕ ደረሰ። ፕሮዲዩሰሩ ራሱ መጥቷል፤ መኪናው ላይ ተደግፎ እጁን አጣጥፎ ቆመ።

የማጭዱ ቦታ ላይ ደረስን። የባዮሎጂ አስተማሪው ገመዱን ቆርጦት መጋረጃው ሲወድቅ የሰማነው ድምፅ እኔንም አስደነገጠኝ። ያ ሁሉ ሰው መድረኩን ትቶ አግዳሚው ላይ ያሉትን ሽማግሌ ማየት ጀመረ። እሳቸው አልተንቀሳቀሱም። አዋረድኳቸው ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ቢሆንም የሆነ ነገር ነውና ቀጠልን። ተዋንያኑ ሸሹ፣ ባልቴቷ ገባች፣ መጋረጃውን ልታነሳ ጎንበስ አለች።

«ተይው!» የሚል ድምፅ መጣ።

ሽማግሌው ቆመዋል። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዷል።

«እሷ አይደለችም ያነሳችው!»

በጎቹ ብቻ ይጮኻሉ። እኔ የቲቸርን ካፖርት ለብሼ፣ የቲቸርን መነጽር አድርጌ መድረኩ ዳር ቆሜያለሁ።

«ማን ነው ታዲያ ጋሼ?» አልኩ።

«እኔ ነኝ! መጣሉን ጥያለሁ፤ አልክድም። ፈርቼ ነው። ቤቴን፣ መሬቴን፣ ልጆቼን ፈርቼ ነው። ያ ሹም ምን ያደርግ እንደነበር ያያችሁ ታውቃላችሁ። ዝናቡ ሲወርድበት ግን አጥር ሥር ቆሜ ዐየሁት። የእናታችን ባና አለበት እኮ! እናታችን የፈተለችው! ዝናቡ ሳያባራ ብቻዬን ተሸከምኩት። ውሃ ጠጥቶ እንደ በሬ ከብዶኝ ነበር። ደጃፏ አስቀምጬላት ሄድኩ።»

«ለቲቸር ለምን አልነገሯቸውም?»

«እሷ አልጠየቀችኝም፤ ጎረቤቷን አመሰገነች። እኔም አኮረፍኩ። እንዲሁ ስንተያይ አረጀን።» ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ከጻፍሽ ሙሉውን ጻፊ! የጣለውን ጽፈሽ ያነሳውን ለምን ትተዪዋለሽ?»

ድርሰቴን ለማንም አልቀይርም ብዬ ከአዲስ አበባ የመጣሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ፕሮዲዩሰሩ ያልሆነውን ጨምሪ ነበር ያለኝ፤ እኚህ ሰው የሆነውን ነው የጠየቁኝ። የባዮሎጂ አስተማሪውን ዐየሁትና በዓይኔ ነገርኩት። ማጭዱን መሬት አስቀምጦ ከመድረኩ ወረደ።

«ጋሼ፣ ይምጡና እንዴት እንደሆነ ያሳዩን» አልኩ።

የሚመጡ አልመሰለኝም ነበር። መጡ። ባልቴቷ ቦታ ለቀቀችላቸው። ተንበርክከው መጋረጃውን ማጠፍ ጀመሩ፤ እየደጋገሙ በመዳፋቸው ያራግፉታል። ሁለት ወጣቶች ሊያግዙ ሲነሱ፣ «ያኔ ማንም አላገዘኝም!» ብለው መለሷቸው። ሊያነሱት ሲሞክሩ ጉልበታቸው ከዳቸው፣ እንደገና ሞከሩ፣ ትከሻቸው ላይ አወጡት። እየተንገዳገዱ እኔ ቆሜበት ወዳለው፣ የቲቸር ቤት ደጃፍ ወዳልነው ቦታ አመጡት። እግሬ ሥር አስቀመጡት። ቀና ብለው ዐዩኝ፤ ያዩት እኔን እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። ከዚያ ዞረው ሄዱ። ከሴቶቹ በኩል አንዷ እልል አለች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። እኔ ማልቀሴን ያወቅሁት መነጽሩ ሲደበዝዝብኝ ነው።

ሰው ሳይበተን ፕሮዲዩሰሩ እየተጣደፈ መጣ። ዓይኖቹ እርጥብ ነበሩ፤ አልዋሽበትም። «ይኼ ፊልሙ ውስጥ መግባት አለበት!» አለኝ። «ሽማግሌውን እንጨምራለን። ልጅቷን ብቻ ወጣት እናድርጋትና…»

«ልጅቷ ስልሳ ዓመቷ ነው» አልኩት።

ሾፌሩ የመኪናውን የኋላ በር ከፍቶ ወደ ሽማግሌው ቀረበ። «አባቴ፣ እንጫን?»

«አይጫንም። አይሸጥም።»

«ተስማምተን ነበር እኮ!»

«ተስማምተን ነበር» አሉ። «ሙሉውን ሳላይ ነው የተስማማሁት።»

ፒክ አፑ ባዶውን አልሄደም። በመንገዱ ላይ ወዳሉ መንደሮች የሚሄዱ ገበያተኞች ሾፌሩን ለምነው ከነጆንያቸውና ከነበጎቻቸው ተጫኑበት፤ ፕሮዲዩሰሩ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ በመስኮት እጁን አነሳልኝ። እኔም አነሳሁለት። ጠላቴ አይደለም፤ የማይሆነኝ ሰው ነው።

ያ ክፍል አሁን ክፍት ነው። ሽማግሌው ራሳቸው ያስጎበኛሉ፤ የተማሪዎች ቡድን ሲመጣ የቆርቆሮውን ዘውድ ያስሞክራሉ፣ ጢሞቹን የሚጎትት ካለ ይቆጣሉ። ዕቃው ዋጋ እንዳለው ሲወራ አንድ የቢሮ ሰው መጥቶ ወደ ዞን ተወስዶ በቅርስነት ይቀመጥ ብሎ ነበር። «ቅርስ ከሆነ እዚሁ ቅርስ ይሁን» ብለው ሸኙት። ድርሰቱን አስተካክዬ ጻፍኩት፤ ያነሳውም ወንድም ገባ። መሐል ሜዳ አዳራሽ ውስጥ ስናሳየው ሽማግሌው የራሳቸውን ቦታ ራሳቸው ይሠራሉ። ልምምድ ላይ አስቸጋሪ ናቸው፤ የባዮሎጂ አስተማሪው ማጭድ አያያዝ አያውቅም ብለው ይጨቃጨቁታል።

ፊልሙ አልተሠራም። ዕድልሽን በእጅሽ አበላሸሽ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። በቴሌቪዥን የሌላ ሰው ድርሰት ተሠርቶ ሲመረቅ ሳይ ቆጨኝ ብል አልዋሽም። ቆጭቶኝ ግን የሚቀየር ነገር ፈልጌ አላውቅም።

በቅርቡ ከደብረ ብርሃን አንድ ካሜራ ያለው ሰው ደወለልኝ። ስለ ድርሰቱ ሰምቷል፤ መጥቶ ሊያነጋግረኝ ይፈልጋል። ሐሳቡን በዝርዝር ሊያስረዳኝ ሲጀምር አቋረጥኩት።

«ሴትዮዋን ወጣት ልታደርጋት ነው የምትመጣው?»

«ኧረ አይደለም!»

«እንግዲያው ጃኬት ይዘህ ና» አልኩት፤ «እዚህ ይበርዳል።»